ለጉባኤ ሽማግሌዎች፦ ምርመራውን ለምእመኑ ብቻ አትተዉት

በጌታ የተወደዳችሁ ሽማግሌዎች፣ መጋቢዎችና የጉባኤ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስም ጠርቼ ሰው ለመክሰስ አይደለም። የምጽፈው ስለ አንድ ሥራ ነው፤ በመድረክ ላይ በእግዚአብሔር ስም የሚናገረውን ስለ መመርመር። ሥራው የእናንተ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ባለቤት አጥቷል።

ስለ ሐሰተኛ ነቢያት ስብከት አላጣንም። «ተጠንቀቁ»፣ «እንዳትስቱ»፣ «ዘመኑ ክፉ ነው» እንባላለን። ጥሩ ነው። ግን ማስጠንቀቂያው ሁሌም የሚሰጠው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። መድረክ ላይ የሚቆመውን ማን እንደሚመረምረው አይነገረንም። አንዲት ሴት ተታልላ ስታለቅስ «ለምን አልመረመርሽም? ቃሉን ብታውቂ ኖሮ…» ትባላለች። ሰውየውን የጋበዘው ማን ነበር? ማይኩን ማን ሰጠው? ይህን የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ማን እንደሚታለል አስቡ። ልጇ ታሞባት ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡባት እናት ናት። ሥራ ካጣ የቆየ ወጣት ነው። ትዳሯ ሊፈርስ አፋፍ ላይ የደረሰ ሴት ናት። እነዚህ ሰዎች «ጌታ እንዲህ ይላል» የሚል ድምፅ ሲሰሙ መጽሐፍ ገልጠው፣ የሰውየውን ታሪክ አጣርተው እስኪወስኑ የሚታገስ ልብ የላቸውም። ጭንቅ ላይ ናቸው። ተስፋ የሰጣቸውን ሰው መጠራጠር ለእነሱ ተስፋውን ራሱን መጣል ነው። ምርመራውን ለእነሱ ብቻ መተው ማለት ሜዳ ላይ ጥሏቸው መሄድ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሥራውን ለእነሱ ብቻ አልሰጠም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ጉባኤ ሲጽፍ «ነቢያትም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎችም ይለዩአቸው» ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29)። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ይዛለች። የሚናገሩት በቁጥር የተወሰኑ ናቸው። ንግግሩና ምርመራው አንድ ስብሰባ ውስጥ ነው። የሚመረምረው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ተናጋሪው ራሱን አያጸድቅም። የኤፌሶን ሽማግሌዎችንም ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ ሲሰናበታቸው ጨካኞች ተኩላዎች እንደሚገቡ ነግሯቸዋል። «ከራሳችሁም መካከል» ጠማማ ነገር የሚናገሩ ይነሣሉ ብሏል (ሐዋርያት ሥራ 20፥28-31)። ይህን የነገረው ለእረኞቹ ነው። «መንጋው ራሱን ይጠብቅ» አላለም።

ይህ ሥራ ለምን ባለቤት አጣ? አንዱ ምክንያት ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ «የተቀባውን አትንካ» የሚለው አባባል። አንድ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ ይህ ይመዘዛል። ጠያቂው ጭጭ ይላል። አንዳንዴ ማስፈራሪያም ይታከልበታል። «እከሌ በአገልጋይ ላይ ተናግሮ እንዲህ ሆነ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ጥቅሱ የመጣው ከመዝሙር 105፥15 ነው። ከፊቱ ያሉትን ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡት። መዝሙሩ የሚያወራው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው። ጥቂት ነበሩ፤ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ይንከራተቱ ነበር፤ እግዚአብሔርም ስለ እነሱ ነገሥታትን ገሠጸ ይላል። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ጉልበት ላላቸው ነገሥታት ነው። የሚጠበቁት መጠጊያ የሌላቸው መንገደኞች ናቸው። ዛሬ ጥቅሱን የሚጠቅሰው ግን ማይክ፣ ካሜራና ጠባቂ ያለው ሰው ነው። የሚገሠጸው ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ጠያቂ ነው። ነገሩ ተገልብጧል።

ከዚህም በላይ የሚገርመኝ ዘፍጥረት 20 ነው። አብርሃም ሚስቱን ሣራን «እኅቴ ናት» አለ። ንጉሡ አቢሜሌክም ወሰዳት። እግዚአብሔር በሕልም መጥቶ አስጠነቀቀው፤ አብርሃም ነቢይ መሆኑንም ነገረው። አቢሜሌክ ፈራ። ሣራን መለሰ፣ አብርሃምን አልጎዳውም። ዝም ግን አላለም። አብርሃምን ጠርቶ ምን እንዳደረገበትና ለምን እንዳደረገው ፊት ለፊት ጠየቀው። አብርሃምም መለሰለት። «እኔ ነቢይ ነኝ፣ እንዴት ትጠይቀኛለህ?» አላለም። መዝሙሩ «አትዳስሱ» ያለለት ያው አብርሃም በአሕዛብ ንጉሥ ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል። ዛሬ ከአብርሃም የሚበልጥ አገልጋይ አለን እንዴ?

የዳዊትና የሳኦል ታሪክም ለዚሁ ይጠቀሳል። እውነት ነው፣ ዳዊት በተቀባው ላይ እጁን አላነሣም። ሊገድለው ሲችል አልገደለውም። ነገር ግን ከዋሻው ወጥቶ ጮክ ብሎ በደሉን ነግሮታል፤ «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» ብሎታል (1ኛ ሳሙኤል 24)። አለመግደልና አለመጠየቅ ለየቅል ናቸው። ጳውሎስም በአንጾኪያ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል (ገላትያ 2)። ጴጥሮስን የሚያህል ሐዋርያ በሰው ፊት ከታረመ፣ ከየት እንደመጣ በቅጡ ያልታወቀ እንግዳ ሰባኪ የማይጠየቅበትን ምክንያት አላየሁም።

ሁለተኛው ምክንያት ትንሽ ይከብዳል። «ግን እኮ የተናገረው ልክ ነው» የሚለው ነው። ስሜን ጠራ። የእናቴን ስም ጠራ። የቤቴን በር ቀለም ሳይቀር ነገረኝ። ታዲያ ከጌታ ካልሆነ ከየት አመጣው?

ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ አስማተኛ በቀላል መሣሪያ መልሶታል። ጄምስ ራንዲ ይባላል፤ መድረክ ላይ ምትሃት በማሳየት የታወቀ አሜሪካዊ ነበር። በዚያ ዘመን ፒተር ፖፖፍ የሚባል የቴሌቪዥን ሰባኪ የማያውቃቸውን ሰዎች ከጉባኤ መካከል በስም ይጠራ፣ በሽታቸውንና አድራሻቸውን ይናገር ነበር። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ያመሰግናል። ራንዲና ባልደረቦቹ የሬዲዮ መቀበያ ይዘው ገቡ። ሰባኪው ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ነበረችው። የምታናግረው ሚስቱ ናት። ሰዎቹ ከስብሰባው በፊት በሞሉት የጸሎት ካርድ ላይ የጻፉትን ከመድረክ ጀርባ ሆና ታነብለት ነበር። ድምፁ ተቀድቶ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በቀጣዩ ዓመት ሰውየው ኪሳራ አወጀ። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ተመልሷል፤ ተከታይም አላጣም።

ዛሬ ማዳመጫ እንኳን አያስፈልግም። ፌስቡክ አለ። ቴሌግራም አለ። ለኮንፍራንሱ ስንመዘገብ ስማችንን፣ ስልካችንንና የጸሎት ርዕሳችንን እንሞላለን። ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ጠይቀን እናውቃለን? እናንተስ ታውቃላችሁ? የጸሎት ካርድ የሚሰበስበው ሰው የእንግዳው ሰባኪ ረዳት ከሆነ፣ ያ መድረክ ላይ የተነገረ የትኛውም «የእውቀት ቃል» ሊመዘን አይችልም። እውነት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ማወቂያ መንገዱን ግን ራሳችን ዘግተነዋል።

ይሁንና ማጭበርበር በሌለበትም ቢሆን ልክ መናገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ የነበረባትን ልጅ አስታውሱ (ሐዋርያት ሥራ 16)። ጳውሎስንና ጓደኞቹን እየተከተለች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች እንደሆኑና የመዳንን መንገድ እንደሚናገሩ ትጮኽ ነበር። ከቃሏ አንዲት ስህተት አታወጡለትም። ለብዙ ቀን እንዲህ አደረገች። ጳውሎስ መንፈሱን አዞ አስወጣው። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ምንጩ ግን ሌላ ነበር። ጌቶቿ ደግሞ በእሷ ጥንቆላ ብዙ ትርፍ ያገኙ ነበር። መንፈሱ ሲወጣ የተቆጡት ገቢያቸው ስለቆመ ነው። ይህችን ዝርዝር ሉቃስ በከንቱ አላስቀመጣትም።

ዘዳግም 13 ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ነቢዩ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳን ሌሎችን አማልክት ወደ መከተል የሚጠራችሁ ከሆነ አትስሙት ይላል። ምልክቱ ተፈጽሟል፣ ሰውየው ግን አይሰማም። ዋናው ጥያቄ ቃሉ ወዴት እንደሚወስደን ነው። አንድ አገልግሎት ከሳምንት ሳምንት ሰዎችን ወደ ክርስቶስ ሳይሆን ወደ አገልጋዩ ስልክ ቁጥር፣ ወደ አገልጋዩ ዘይት፣ ወደ አገልጋዩ ፎቶ የሚወስድ ከሆነ፣ ትንቢቱ መቶ በመቶ ቢሰምርም መልሱ ተሰጥቷል።

የማይሰምረውስ? እዚህ ላይ ስንፍናችን ያሳፍራል። በዘዳግም 18 በእግዚአብሔር ስም የተነገረ ነገር ካልሆነ ነቢዩ በድፍረት ተናግሯል ይላል፤ አትፍራው ይላል። እኛ ግን ያልተፈጸመ ትንቢት አይተን የምናውቅ አንመስልም። በዓመቱ መጀመሪያ «ይህ ዓመት እንዲህ ይሆናል» ተብሎ ይነገራል። ዓመቱ ያልፋል። ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አያይም። ቪዲዮው ተቆርጦ የሰመረው ብቻ ይቀራል። ቀሪውን ለማስተባበል ሰበብ አይጠፋም። «የሕዝቡ እምነት አነሰ» ይባላል። «በመንፈሳዊው ዓለም ተፈጽሟል» ይባላል።

ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰባኪ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2011 አማኞች ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ ብሎ አወጀ። ሰዎች ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማስታወቂያ ሰሌዳ አወጡ። ቀኑ መጣ፣ ሄደ። ካምፒንግ ፍርዱ በመንፈሳዊ መንገድ ተፈጽሟል አለና ፍጻሜውን ወደ ጥቅምት 21 አሸጋገረው። እሱም ቀን አለፈ። ለዚህ ሰው ግን አንድ ነገር ልስጠው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 መሳሳቱን በጽሑፍ አምኗል፤ ቀን መናገሩንም ኃጢአት ብሎታል። ከመድረኮቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲወጣ አላየሁም።

ኤርምያስ ከሐናንያ ጋር የተጋጠመበት ምዕራፍ (ኤርምያስ 28) ለእናንተ የተጻፈ ይመስለኛል። ሐናንያ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል አለ። ቀን ቆርጦ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ በቤተ መቅደስ ውስጥ። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። የኤርምያስ የመጀመሪያ መልስ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» የሚል ነው። ቃሉ ቢፈጸም እሱም ደስ ባለው። ነገር ግን መለኪያ አስቀመጠ፤ ስለ ሰላም የሚናገር ነቢይ እግዚአብሔር እንደ ላከው የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው አለ። ሐናንያ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን ቀንበር ወስዶ ሲሰብረው ኤርምያስ መንገዱን ይዞ ሄደ። ቆይቶ ነው የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት። ይህን አካሄድ እወደዋለሁ። ወዲያው አልጮኸም፣ ወዲያውም አልተቀበለም። ጊዜ ሰጠው፤ ግን አልረሳውም። እናንተም ማድረግ የምትችሉት ይህንኑ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግያዝ ከንዕማን ብርና ልብስ የተቀበለው በጌታው በኤልሳዕ ስም ነው። ኤልሳዕ ግን አልቀበልም ብሎ ነበር። ሲሞን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሞከረ፤ ጴጥሮስ ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ አለው። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ጽሑፍ፣ በአንደኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈው፣ ነገሩን በአጭሩ ይቆርጠዋል። «በመንፈስ» ሆኖ ገንዘብ ስጡኝ የሚላችሁን አትስሙት ይላል፤ ለሌሎች ችግረኞች ከጠየቀ ግን አትፍረዱበት። ከሁለት ቀን አልፎ ሦስተኛ ቀን የሚሰነብት ተጓዥ ሐዋርያም ሐሰተኛ ነው ይላል። በመንፈስ ማዕድ እንዲቀርብ አዝዞ ራሱ የሚበላ ነቢይም እንዲሁ። ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ያኔም እንዲህ ያደርጉ የነበሩ መኖራቸውን ያሳያል።

የሚገርመው፣ ይኸው ጽሑፍ ነቢይ በመንፈስ ሲናገር እንዳይፈተን ይከለክላል። መንፈስ ቅዱስን እንዳይዳፈሩ ፈርተዋል። ፍርሃታቸው ግን እጃቸውን አላሰራቸውም። ንግግሩን መንካት ሲፈሩ ኑሮውን ፈተኑት። የጌታ ጠባይ ካለው ነቢይ ነው፣ ከሌለው አይደለም አሉ። እኛ ዘንድ ንግግሩም አይፈተን፣ ኑሮውም አይፈተን። «የእምነት ዘር ዝሩ» እያለ ከበሽተኞች ገንዘብ የሚሰበስበውን ሰው ሒሳቡን ማን አየው?

ስለ አታላዮች ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ አምኖ የሚሳሳት አገልጋይም አለ፤ እንዲያውም እሱ ያሳዝነኛል። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ መነኩሴው ዮሐንስ ካሲያን ከግብፅ መነኮሳት የሰማውን ጽፎ አቆይቷል። ሄሮን የሚባል ሽማግሌ መነኩሴ ታሪክ አለበት። ሃምሳ ዓመት በምድረ በዳ ኖሯል። በጾምና በብቸኝነት ከሁሉ ይበልጥ ነበር። በፋሲካ እንኳን ከወንድሞቹ ጋር ማዕድ አይቀርብም። በኋላ ሰይጣን በብርሃን መልአክ አምሳል መጣበት፤ ስለ ጽድቁ ምንም ጉዳት አይደርስብህም አለው። ሄሮን አመነና በሌሊት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ራሱን ወረወረ። ወንድሞቹ በብዙ ድካም አወጡት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እስኪሞትም ድረስ መታለሉን አላመነም።

ይህ ሰው ሌባ አልነበረም። ገንዘብ አልፈለገም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ራእዩን የሚነግረውና የሚመክረው ወንድም። በዚያው የካሲያን ጽሑፍ የሚቀርበው ምክርም ይኸው ነው፤ ሐሳብህን ለአባቶች ግለጥ፣ በራስህ ፍርድ ብቻ አትመን ይላል። ስለዚህ አንድን ወጣት «ነቢይ» ብላችሁ ሾማችሁ፣ ማንም እንዳይጠይቀው አድርጋችሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በሚያጨበጭብ ሕዝብ ስትከቡት የምትጎዱት ሕዝቡን ብቻ አይደለም። እሱንም ነው። ምርመራ ለተናጋሪውም ምሕረት ነው።

ነገሩ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል ሁላችሁም ሰምታችኋል። በደቡብ አሜሪካዋ አገር በጉያና፣ ጆንስታውን በተባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1978 ከ900 በላይ ሰዎች አለቁ። መሪያቸው ጂም ጆንስ ሲጀምር ድሆችን የሚመግብ፣ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚያመልኩበት ጉባኤ የመሠረተ ሰው ነበር። ገና ከጅምሩ በሐሰተኛ ፈውስም ሰው ይስብ ነበር። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ሰዎቹ ኢየሱስን ለማግኘት እንዲጾሙ ተነግሯቸው እንደነበር ተዘግቧል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ቦታ በአንድ ቀን አይደርስም። መጀመሪያ ከቤተሰብ መራቅ አለ። ከዚያ ሐኪምና ትምህርት ቤት «የዓለም» ይባላሉ። ከዚያ ጥያቄ አመፅ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ከመሪው ሌላ የሚሰማ ድምፅ አይኖርም። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በጉባኤያችሁ ካያችሁ ነገሩ ጥቃቅን ነው ብላችሁ አትለፉት። በተለይ ለሕመምተኛ «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ሰው አንድ ጊዜም ቢሆን ማይክ ሊይዝ አይገባም። እዚህ ላይ ለዘብ ያለ ቃል አልፈልግም።

አውቃለሁ፣ ከእናንተ መካከል የሚፈሩ አሉ። መንፈስን እንዳናጠፋ ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። «ሁሉን ፈትኑ» የሚለው ቃል «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ» ከሚለው ጋር ነው የተጻፈው (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥19-21)። ሁሉን የሚጠረጥር፣ በየቪዲዮው ሥር መናፍቅ የሚያሳድድ ሰው መናፍስትን የመለየት ጸጋ አለው ማለት አይደለም። ጠብ የሚወድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰው መንቀጥቀጡ፣ መጮኹ፣ መውደቁም በራሱ ለምንም ማስረጃ አይሆንም። በአሜሪካ የነበረው ሰባኪ ዮናታን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1741፣ ሰዎች በስብከት መካከል እየጮኹ በሚወድቁበት መነቃቃት ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ጽፏል። መውደቃቸው የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን አያሳይም፤ አለመሆኑንም አያሳይም።

ካህኑ ዔሊ ትዝ ይለኛል። ሐና በእግዚአብሔር ቤት ስታለቅስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፅ አልሰማም። ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ተሳሳተ። ቢሆንም ስትመልስለት ሰማት፤ ወዲያውም «በደኅና ሂጂ» ብሎ ባረካት። ይህ ክፉ ምርመራ አይደለም። ሊሳሳት ይችላል፤ መልስ ግን ያዳምጣል። የዔሊ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። ልጆቹ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ሲቀሙ፣ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶች ጋር ሲያመነዝሩ ሰምቷል። መክሯቸዋልም። ነገር ግን አልከለከላቸውም፤ ከሥራቸውም አላነሣቸውም። ለምታለቅሰው ሴት ፈጣን ነበር፤ ለልጆቹ ዘገየ። እግዚአብሔርም ፍርዱን የተናገረው ስለ ልጆቹ ነው (1ኛ ሳሙኤል 3፥13)። በየጉባኤው የማየው ነገር ይህን ይመስላል። ቀሚሷ አጠረ የተባለች ልጅ በሳምንቱ ትጠራለች። የተጋበዘው ነቢይ ግን ስንት አቤቱታ መጥቶበት «እስቲ እንጸልይበት» ይባላል።

ስለ አቤቱታም ሥርዓት አለ። በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አይቀበል ይላል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19)። ይህ አገልጋዩን ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ ተገቢ ነው። ቀጣዩ ቁጥር ግን በኃጢአት የሚጸኑትን በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል። የመጀመሪያውን ቁጥር እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ተግባር ላይ ሲውል ያየው ጥቂት ሰው ነው። አገልጋዩ በጸጥታ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሸኛል። እዚያም ሲደርስ ታሪኩን የሚያውቅ የለም፤ መልካም የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ነው የሚሄደው። ያንን ደብዳቤ የሚፈርመው ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

ታዲያ ምን እንድታደርጉ ነው የምጠይቀው? ትልቅ ኮሚቴ አቋቁሙ አልልም። እንግዳ ከመጋበዛችሁ በፊት ከዚህ በፊት ያገለገለበትን ጉባኤ ሽማግሌዎች ደውላችሁ ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ሳይሆን ቤተሰቡን፣ ሠራተኞቹን፣ ገንዘብ አያያዙን የሚያውቁትን ጠይቁ። የጸሎት ካርድ የሚሰበሰብ ከሆነ የእናንተ ሰዎች ይሰብስቡት፤ ስብሰባው እስኪያልቅም እንግዳው እጅ አይግባ። ትንቢት ሲነገር ሳይቆረጥ ይቀዳ፤ ቀኑም ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ አውጥታችሁ አንብቡት፤ የተፈጸመውንም ያልተፈጸመውንም። ያልተፈጸመውን የተናገረው ሰው ቀርቦ ለጉባኤው ያስረዳ። አንድን ሰው ስለ ትዳር፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ንብረት ሽያጭ የሚነካ «ቃል» በአደባባይ አይነገር፤ መጀመሪያ ከእናንተ ሁለት ሰዎች ይስሙት። ያንን የሚቃወም ነቢይ ካለ፣ ተቃውሞው ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ጠያቂውንም ጠብቁልን። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት የጳውሎስን ስብከት በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር ስላመሳከሩት ነው። እናንተ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ሰው «የክርክር መንፈስ አለበት» ተብሎ ከኅብረት ከተገለለ ሌሎቹ ዝምታን ይማራሉ። ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ማን እንደሚያነጋግረው ይታወቅ። መልስም ቀጠሮ ይኑረው። «እንጸልይበታለን» ቀጠሮ አይደለም።

ከሚቀጥለው ጉባኤ ጀምሮ እንጀምር። ማስታወቂያው ላይ የሚያገለግሉት እነማን እንደሆኑ ፎቶአቸው ወጥቶ እናያለን። የሚመረምሩትስ? በዚያ ስብሰባ የሚነገረውን ሰምተው የሚለዩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ስማቸውን አስቀድማችሁ ንገሩን። ከስብሰባው በኋላ የት እንደምናገኛቸውም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ምእመን